ሙሉውን ይዘሽ ነይ

ላኦስ የምትባለውን አገር በሕይወቴ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁለተኛ የማያት አይመስለኝም። እናንተም አትሄዱባትም። ብትሄዱም የምትሄዱት ለስብሰባ ነው፤ ለስብሰባ የሄደ ሰው ደግሞ አዳራሽ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ ያየሁትን ቀን በቀን ልንገራችሁ። የምጽፈው ሚዛን ተፈሪ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው፤ በቀን ግማሽ ገጽ። ከዚያ በላይ አልችልም።

የሄድኩት ባሌን ለማምጣት ነው። ተሾመ ቴፒ አጠገብ ባለ የችግኝ ጣቢያ ዕድሜውን የጨረሰ፣ የአንዱን ቡና ቅርንጫፍ በሌላው ግንድ ላይ ቀጥሎ የሚያጸድቅ ባለሙያ ነበር። ለልምድ ልውውጥ ብለው ለሦስት ወር ላኦስ ላኩት። በሁለተኛው ወር ልቡ ቀጥ አለ። የሚዛን ስልክ በዝናቡ ምክንያት አምስት ቀን ጠፍቶ ነበር። እነሱ ሦስት ቀን ጠበቁ፤ ከዚያ ሙቀቱ ሲያስቸግራቸው እንደ አገራቸው ልማድ አቃጠሉት። ስልኩ ሲመለስ መሞቱንም መቃጠሉንም በአንድ ትንፋሽ ሰማሁ።

አርባውን ያለ መቃብር አወጣሁ። ድንኳኑ ተተከለ፣ እድርተኛው ተሰበሰበ፤ የሚሸኙት ሰው ግን አልነበረም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ወዴት ዞረው እንደሚያለቅሱ ቸግሯቸው እኔን ያዩ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ፓክሴ በምትባል የላኦስ ከተማ ቬትናሞች የሠሩት የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ ቬትናምና ላኦስ ጎረቤቶች ናቸው። ቤተ መቅደሱ የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ምልክት ነውና የወዳጅነቱ በዓል ሲከበር የሟቹ ቤተሰብ በክብር እንዲገኝልን ይላል ደብዳቤው። ዐመዱም እዚያው ተቀምጧል።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ብዙ ቀን አሰቡ፤ ሽማግሌዎችም አማከሩ። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

«መቃጠሉ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ ፍትሐት እናደርግለታለን። ግን በዚያ አገር እኩሌታውን እዚህ፣ እኩሌታውን ወንዝ ያደርጉታል ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ ሰው በሁለት ቦታ አይቀበርም። ሙሉውን ይዘሽ ነይ፤ ካልሆነ ተይው።»

የመጀመሪያው ቀን

የልዑካን ቡድን ተባልን፤ ቡድኑ እኔና ደምሴ ነን። መሪው ደምሴ ነው። አምስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ያኔም ያልተጠየቀውን ይመልስ ነበር። አሁን ክራቫት አስሮ ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

ከሚዛን በቅጥቅጥ አውቶቡስ ማለዳ ተነሣን። እቅፌ ላይ የተሾመን የዋንዛ ሳጥን ይዣለሁ። የሥራ ቢላዎቹን የሚያስቀምጥባት፣ ክዳኗ የሚንሸራተት፣ የራሱ እጅ ሥራ ናት። ቢላዎቹን አውጥቼ አንዷን ትንሿን ብቻ ተውኩባት፤ ለምን እንደተውኩ አላውቅም።

ቦንጋ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ፤ መለዋወጫውም የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ሁለቱን ጎማዎች እያፈራረቀ ሲያይ ቆየ፤ አንዳቸው የሚድን ይመስል። ደምሴ ከመንገዱ ዳር ቆሞ የንግግር ወረቀቱን ያጠና ነበር። አንዲት የአካባቢው ሴት ከጓሮዋ ወጥታ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል አመጣችልኝ። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

«ሳጥን ውስጥ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም። ባሌን ላመጣበት ነው።»

ሳጥኑን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ተመልሳ ሌላ ጎደሬ አመጣች። በጉዞዬ ሁሉ ሐዘኔን እንደዚያች ሴት ባጭሩ የተረዳልኝ የለም፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ጅማ የደረስነው መሽቶ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

አዲስ አበባን እናንተም ታውቋታላችሁ፤ አልጽፍባትም። በአውሮፕላኑ ደምሴ መስኮቱን ያዘና ከመነሣታችን አንቀላፋ። ዐቢይ ጾም ስለነበር የቀረበልኝን ሥጋና ቅቤ ሳልነካ ወደ ጎን ተውኩ። ደምሴ ነቅቶ የእኔንም በላ።

«መንገደኛ አይጾምም እኮ እትዬ ጽጌ» አለኝ አፉን እየጠረገ።

«አንተ ተቀምጠህ ነው የምትጓዘው ደምሴ፤ ጾሙን አውሮፕላኑ ይግደፍ።»

ባንኮክ ወርደን በአውቶቡስ ቀንና ሌሊት ተጉዘን ድንበር ተሻገርን። መንገዱ እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው። ደምሴ በየኪሎ ሜትሩ «እዩት! እዩት!» ይላል። እኔ ያየሁት ግራና ቀኝ ጥላ የሌለው ሜዳ ነው። ከሚዛን ወደ ቴፒ የሚወስደው የእኛ የሸኮ መንገድ ጭቃ ነው፤ ግን ዛፍ አለው፤ ጎማ ሲፈነዳም ሰው ከጓሮው ይወጣል። በዚያ መንገድ ቢፈነዳ ማን ጎደሬ ያመጣልኛል?

አራተኛው ቀን፣ ፓክሴ

ቡንሚ የሚባል የግብርና ሠራተኛ ተቀበለን። አስተርጓሚያችን እሱ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንግባባለን። ፈገግታው ከፊቱ አይወርድም፤ ሲሰሙትም ሲነግሩትም እኩል ነው። ቡና አስቀረበልን። ቡናቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ከሥሩ የጣሳ ወተት ተኝቶበት፣ ከላዩ በረዶ ይንሳፈፍበታል። ወተቱን ለጾም አስወጣሁት፤ የቀረውን ቀመስኩት። ከቡና አገር የመጣች ሴት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። ደምሴ «ግሩም ነው» አለና ሁለት ጠጣ።

ሩዛቸው የሚጣበቅ ነው። ከትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ በእጅ ይቆርሱና ወጥ ነገር ያጠቅሱበታል። በእጅ መብላታቸውን ወደድኩላቸው። ወጡ ግን ሁሉም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። እስከ ማግስቱ ድረስ ሩዝና ሙዝ ብቻ በላሁ።

ከሰዓት ወደ ቤተ መቅደሱ ሄድን። በሩ ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ቡንሚ አነበበልኝ፦ የማይበጠስ ወዳጅነት። ግቢው ውስጥም ሁለት፣ መጸዳጃው አጠገብም አንድ አለ። ወዳጅነት እንዲህ በየግድግዳው ሲጻፍ አንዳንዱ ሳያምንበት ነው እላለሁ። እኔና ተሾመ ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ጨርቅ አልዘረጋንም።

ጫማ አውልቁ ተባልን። የልዑካን ቡድኑ መሪ ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። በአንድ እግሩ በሌላው ላይ ቆሞ ስጦታውን አበረከተ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ በቆዳ ላይ የተሣለ ትልቅ ሥዕል ነው። እዚያ ቆሜ ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። በጣራው ጠርዝ፣ በምሰሶው፣ በዕጣን ማጨሻው፣ በሁሉም ቦታ ዘንዶ አለ፤ ወርቅ የተቀባ፣ የተከበረ ዘንዶ።

የቤተ መቅደሱ ኃላፊ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ ቬትናማዊት፣ ራሳቸውን የተላጩ፣ ቡናማ የለበሱ። ስማቸው ለምላሴ ስላልተመቸ እማሆይ እላቸው ነበር። ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ጠየቁ።

«ይህ ፈረሰኛ ዘንዶውን ምን እያደረገው ነው?»

ቡንሚ ተረጎመ። ደምሴ ላብ አጠመቀው። «ዘንዶው ጉሮሮውን እሾህ ወግቶት ነበር» አለ፤ «ቅዱሱ እያወጣለት ነው።»

እማሆይ ሥዕሉን እንደገና አዩት። የዘንዶውን ደም፣ የፈረሱን ኮቴ፣ የጦሩን ጫፍ አዩ። «እሾሁ ትልቅ ኖሯል» አሉና ሳቁ። ጥርስ የላቸውም ማለት ይቻላል። ከተነሣሁ ጀምሮ ያየሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቅ ነበር።

ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዱኝ። የመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተሾመ ፎቶ አለ፤ ቆቡን አድርጎ፣ የቡና ችግኝ ይዞ፣ እኔ በማላውቀው ፈገግታ። ግራው ላይ የላኦስ ባንዲራ፣ ቀኙ ላይ የቬትናም። ከሥሩ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። ከፎቶው ፊት ክዳን ያላት የሸክላ ማሰሮ አለች፤ የጨው ዕቃ ታህላለች። ከፊቷ ደግሞ ሩዝ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሙዝ በሰሐን ቀርቧል።

ማሰሮዋን አነሣኋት። ቀለለችኝ።

«ቀሪውስ?» አልኩ።

ቡንሚ ኮራ ብሎ አስረዳኝ። ተሾመ በሥራው ወራት የኖረው ከከተማው ወጣ ባለ ተራራ ላይ፣ ኬኦ ከምትባል ላኦሳዊት ቡና አምራች ቤት ነው። ሲታመም ወደዚህ አምጥተውት በቤተ መቅደሱ የእንግዳ አልጋ ላይ ሞተ። ኬኦ በእኔ ቤት ኖሯል፣ የእኔ ነው አለች። ቤተ መቅደሱ በእኛ አልጋ ሞቷል፣ የእኛ ነው አለ። ኮሚቴ ተቀመጠ። የሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት እንዳይሻክር ዐመዱ ተከፈለ፤ በአገራቸው ዐመድ መክፈል ነውር አይደለም።

«እኩል በእኩል» አለኝ በመዳፉ አየሩን እየቆረጠ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነው።

ቅርጫ! ባሌን እንደ በዓል በሬ ቅርጫ ገብተውበታል። እኛ በሬ ስንካፈል እንኳ ቆዳው ለማን እንደሚሆን ባለቤቱን እንጠይቃለን።

አምስተኛው ቀን፣ በዓሉ

ማታውን ደምሴ ልመናውን አላቋረጠም። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ የነገው ዝግጅት ይለፍ። አሁን ብናነሣው ሦስት አገር ነው የምናስቀይመው።»

«እኔ አንድ ባል ነው ያለኝ።»

«ግማሹንስ ይዘን ብንሄድ? አባ አይመዝኑትም።»

በሩን ዘጋሁበት።

በዓሉ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ቆየ። አንዱ ወጥቶ ወዳጅነቱ ከተራራ ይጠነክራል አለ፤ ሁለተኛው ከወንዝ ይረዝማል አለ። ሦስተኛው ምን ቀርቶት ምን እንደሚል ስጠብቅ ከተራራም ከወንዝም አለ። ደምሴ ተነሥቶ ቤተ መቅደሱን የቻይና ወንድሞቻችን ሥራ ብሎ አመሰገነ። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ቬትናሞች ፊት ተከሰከሰ። ቡንሚ ምን ብሎ እንደተረጎመ አላውቅም፤ ተጨበጨበ።

ተራዬ ደረሰ። ደምሴ የጻፈልኝን ወረቀት አጥፌ ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦ «ባሌን ልወስድ ነው የመጣሁት። እዚህ ያለው ግማሹ ነው። ቤተ ክርስቲያኔ የምትቀብረው ሙሉ ሰው ነው። ቀሪውን ስጡኝ።»

ቡንሚ ፈገግ እንዳለ ረዘም አድርጎ ተረጎመ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዲት ልጅ አበባ ሰጠችኝ። አበባውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ብቸኝነት ተሾመ በሞተበት ሳምንትም አልተሰማኝም።

ምሳ ሲቀርብ እማሆይ እጄን ይዘው ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ። የቤተ መቅደሱ ምግብ ሥጋ የለውም፤ ዓሣም እንቁላልም ወተትም የለውም፤ ሽንኩርት እንኳ የለውም። ያለ ጥያቄ የምበላው የጾም ምግብ ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘሁት በጣዖት ቤት ነው። በላሁ። እሳቸው ቡንሚን አስጠርተው ከፊቴ አቆሙት፤ የተባባሉትን ኋላ ራሱ ነገረኝ።

«ይህች ሴት ምን ነበር ያለችው?» አሉት።

የተረጎመውን ደገመላቸው፤ ከፈገግታው ጋር።

«የምታመሰግን ሴት እንዲህ አታይም» አሉት። «አሁን ያለችውን ንገረኝ።»

ፈገግታው ያኔ ብቻ ወረደ። ነገራቸው። እማሆይ ሲሰሙ ቆዩና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ ባሌ ሩዝ ይወድ እንደነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ምግብ እንዳቀረቡለት ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ሩዝ እንደማይወድ፣ እንጀራ ካላገኘ ጎደሬ እንደሚመርጥ ነገርኳቸው። አዘኑ። «ታዲያ ምነው አልነገረን» አሉ።

ከዚያ የመስተዋቱን ሣጥን ከፍተው ማሰሮዋን ሰጡኝ። ኮሚቴም አልጠሩም። «ነገ ኬኦ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አሉ። «አርባ ዓመት ጓደኛዬ ናት። በአንድ ሰው ብቻ ነው የተጣላነው፤ በባልሽ።»

ስድስተኛው ቀን፣ ተራራው

ወደ ተራራው ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ከመኪናው መስኮት የገባውን ሽታ ሳላየው አወቅኩት፤ የቡና አበባ ነው። ቴፒም በዚያው ወር እንዲሁ ይሸታል። ቡናቸው ግን ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ እንደ በቆሎ ተሰልፎ የተተከለ ነው። የለቀሙትንም የሚያሰጡት መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግተው ነው፤ ዶሮ ይሄድበታል። ተሾመ ይህን አይቶ እንዴት እንደቻለ እንጃ። አልቻለም ይሆናል።

ኬኦ በምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት አላት። እኔን ስታይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዕድሜዋ እንደ እኔ ነው፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል። እማሆይ አጠገቧ ተቀምጠው በዝግታ ነገሯት። ኬኦ መጀመሪያ በቁጣ መለሰች። ቡንሚ አሁን የተባለውን ብቻ ይተረጉማል።

«ይኸው ማሰሮሽን ሰጠሻት፤ አንቺ ሁልጊዜ ቀድመሽ ጥሩ ሰው ትሆኛለሽ» አለቻቸው።

«ሰጠሁ። ሁለት ዓመትም ሩዝ አበላሁት፤ አይወድም ነበር አሉ።»

ኬኦ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ጎደሬ ነበር የምቀቅልለት» አለች። «እሱ ነው ያሳየኝ።» ጓሮዋን አሳየችኝ። ከቡናዎቿ መካከል ሦስቱ በሌላ ግንድ ላይ የተቀጠሉ ናቸው። ቁስላቸው በተሾመ አስተሳሰር በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ሦስት ዙርና ወደ ላይ አንድ ቋጠሮ። ሌላ ሰው እንደዚያ አያስርም። አብበዋል።

በመንደሩ መቅደስ ግቢ ውስጥ ሰው የሚያህል ነጭ ሐውልት አለ። የኬኦ ባል ዐመድ እዚያ ነው። የተሾመን እኩሌታ ብቻውን እንዳይሆን ከባሏ ጋር አስገብታዋለች። ቅርጫው ሳያንስ ማደባለቅ መጣ ብዬ አሰብኩ። ኬኦ ራሷ መዶሻ ይዛ ሲሚንቶውን ሰበረች፤ ማንንም አላስነካችም። ከውስጥ ማሰሮ አወጣች። የተሾመ እኩሌታ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ማሰሮው ውስጥ፣ ከባሏ ዐመድ በላይ ነበር የተቀመጠው። ክዳኑን ስታነሣው ጨርቁ የለም። የሁለት ክረምት እርጥበት አበስብሶታል። ዐመዱ አንድ ሆኗል።

ኬኦ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ የንስሐ አባቴ ድምፅ ነበር የሚሰማኝ፤ ሙሉውን ይዘሽ ነይ። ሙሉውን ልወስድ ከሆነ የእሷንም ባል መውሰዴ ነው። የእሷን ልተውላት ከሆነ የእኔን ለሁለት ከፍዬ መተዌ ነው። ኮሚቴው በመዳፉ አየር እየቆረጠ የሠራውን እኔ በማንኪያ ልደግመው ነው።

«መልሺው» አልኳት። «ዝጊው። የእማሆይን ማሰሮ ብቻ ይዤ እሄዳለሁ።»

ቡንሚ ተረጎመላት። ኬኦ ራሷን ነቀነቀች።

«ሳጥንሽን አምጪ» አለች።

«የአንቺ ባልስ?»

«እኩሌታውን ያኔ ወንዝ ሰጥተነዋል። ይህን የያዝኩት ለራሴ ነው፤ ለእሱ አይደለም። የአንቺን ሰው ያለ አንቺ ፈቃድ ወሰድኩ። የእኔን በፈቃዴ ውሰጂ።» ከዚያ እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጨመረችና እማሆይ በሳቅ ጎነተሏት። ቡንሚ ሊያልፈው ሲል አፈጠጥኩበት። «ባሌ ከዚህ ተራራ ወርዶ አያውቅም፤ አገር ይይ፣ ነው የምትለው» አለኝ።

የዋንዛዋን ሳጥን ከፈትኩ። የእማሆይን ማሰሮ ገለበጥኩ፤ ኬኦ የእሷን ገለበጠችበት። ክዳኑ በጭንቅ ተንሸራተተ። ከመሙላቱ በፊት ትንሿን ቢላዋ አውጥቼ ነበርና ለኬኦ ሰጠኋት። ባዶው ሐውልት ውስጥ አስገብታ ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነች። ሲሚንቶ ነገ እጨምራለሁ አለች። እማሆይ «ቤተ መቅደሱስ ምን ሊያሳይ ነው? ሣጥኑ ባዶ ቀረ» ሲሉ ኬኦ «የዘንዶውን ሐኪም አስገቢበት» አለቻቸው። የሥዕሉን ወሬ ሰምታለች። ሁለቱ አሮጊቶች ተደጋግፈው ሳቁ። ስለ ወዳጅነት በዚያ አገር ያየሁት ይኸው ነው፤ ጨርቅ አልነበረውም።

መመለሻ

አየር ማረፊያው ላይ ሳጥኑን ክፈቱ ሲሉን ደምሴ በጆሮዬ «የቡና ናሙና ነው እንበላቸው» አለኝ።

«ተሾመን ቡና ብለህ ብትዋሽ አምስተኛ ክፍል እመልስሃለሁ።»

እማሆይ ስለ ዐመዱ የጻፉልኝን የቤተ መቅደሱን ወረቀት አሳየሁ። ሰውየው አነበበና ቆሞ በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ሚዛን ስንገባ ዝናብ ነበር። እድርተኛው ጃንጥላ ይዞ አውቶቡሱን ጠበቀ። ሴቶቹ በዚህ ጊዜ ወዴት ዞረው እንደሚያለቅሱ አወቁ። የንስሐ አባቴ ከመቃብሩ አፍ ቆመው ሳጥኗን ሳያስወርዱ ጠየቁኝ።

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው አባቴ» አልኩ።

ፍትሐቱ ተደረገ፤ ተቀበረ። ደምሴ ጉዞው የሦስት አገሮችን ወዳጅነት እንዳጠናከረ ሪፖርት ጻፈ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያጠናከረውን አላየሁም። እኔ ግን በየእሑዱ ወደ መቃብሩ ስሄድ ጎደሬ ቀቅዬ እሄድና ለነዳያን እሰጣለሁ፤ ጥቂት የሚጣበቅ ሩዝ ቢገኝ ኖሮ እሱንም እጨምር ነበር፤ ለእንግዳው።

ለንስሐ አባቴ ውሸት አልነገርኳቸውም። ሙሉ ነው ወይ አሉኝ፤ ሙሉ ነው፤ ይተርፋልም። ትርፉን አልጠየቁኝም። ይህን ጽሑፍ ካነበቡት እንግዲህ አወቁ። ሊያስቆፍሩት ከፈለጉም ያስቆፍሩት፤ የቱ የማን እንደሆነ እርሳቸው ይለዩት።